ገበያው ወዴት ነው?

ደምበጫ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገደኛው የአባይን በረሃ ወርዶ ደጀንን ከወጣ በኋላ ደብረ ማርቆስንና አማኑኤልን አልፎ ይደርስባታል። አብዛኛው ሰው ግን ሻይ ጠጥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና ወደ ባሕር ዳር ያልፋል እንጂ አያድርባትም። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አልፌያታለሁ። በግንቦት 2013 ዓ.ም ግን የባለቤቴን አጎት ለመዘየር ከነልጆቼ ሄጄ ሦስት ቀን ሰነበትኩባት።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጋሼ ወደ ሱቃቸው ይዘውኝ ወጡ። የገበያ ቀን ነበር። በቆሎና ጤፍ የጫኑ አህዮች ከየአቅጣጫው ይገባሉ፤ በርበሬው በአንድ ወገን፣ ጌሾው በሌላ ወገን ተዘርግቷል።

«ልጄ፣ የከተማ ሰው ሁሉ መጤ ነው» አሉኝ። «ልዩነቱ ቀድሞ መምጣትና ዘግይቶ መምጣት ብቻ ነው።»

አያታቸው ሸማኔ ነበሩ። በድሮው የጎጃም ሥርዓት ርስት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ስለ ነበር፣ ሙስሊሙ በአብዛኛው ከመሬት ርቆ በሽመናና በንግድ ይተዳደር ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ነገሩ ተለወጠ። «እስከዚያ ድረስ አያቴም አባቴም የኖሩት በሰው ቦታ ላይ ነው» አሉ ጋሼ።

ይህን ሲያወሩኝ ከበረንዳቸው ሥር አንዲት ሴት በርበሬ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር። ከመተከል ተፈናቅላ የመጣች ናት። በዚያ ዓመት ከመተከል ከሸሹት መካከል በአስር ሺህ የሚቆጠሩት ቻግኒ አጠገብ በሚገኘው መጠለያ ተጠግተው ነበር። እርሷ ግን ዘመድ ፍለጋ ሁለት ልጆቿን ይዛ ደምበጫ ገባች። ዘመዷን ብታገኝም መታወቂያ አላገኘችም። አዲስ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፤ መሸኛውን የሚጽፈው ሰው ግን ራሱ ተሰዷል!

«ዱቄት የሰጠኝ ብዙ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው» አለችኝ። «እኒህ አባት ግን መቀመጫ ሰጡኝ።»

ይህን ስሰማ የመዲና ታሪክ ትዝ አለኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስደተኞቹን ከከተማው ነዋሪዎች ጋር ወንድማማች ሲያደርጉ፣ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ የሀብቱን እኩሌታ ሊያካፍለው ፈለገ። ዐብዱረሕማን መርቆት ሀብቱን ሳይወስድ የገበያውን ስፍራ እንዲያሳየው ብቻ ጠየቀ። ከዚያም ቅቤና የደረቀ አይብ እየነገደ ራሱን ቻለ። ስደተኛ ከምጽዋት ይልቅ የሚፈልገው ሠርቶ የሚበላበትን ስፍራ ነው።

ታዲያ የአንድ ደግ ሰው በረንዳ ለስንት ሰው ይበቃል? በሦስተኛው ቀን ቡሬ ስንደርስ ይህ ጥያቄ ጎልቶ ታየኝ። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተሠርተዋል። ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት ከየገጠሩ ነው። እዚያ የሚኖረው የጋሼ ልጅ «ፋብሪካው ሲተከል የሠራተኛው ማደሪያና ውኃ አብሮ ካልታሰበ፣ ደመወዙን የቤት ኪራይ ይበላዋል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ግን ቤት መሥራት ብቻውንም ከተማ አያደርግም። የጋሼ ሴት ልጅ በሩቅ ሰሜን፣ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ትኖራለች። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል መኖሪያ ቤት ሠርታለች። እንደ ሪንከቢና ቴንስታ ያሉ የከተማዋ ዳርቻ ሠፈሮች በዚያን ጊዜ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ኋላ ብዙ ስደተኛ የሰፈረው በእነርሱ ነው። ልጅቱ ማታ ስትደውል «ሙቀቱም፣ ውኃውም፣ ባቡሩም ሞልቷል፤ ቡና ጠጡ ብሎ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ግን ዓመት ሙሉ አላየሁም» አለችን። እዚያ አሠራሩ ተሟልቶ ጉርብትናው ጎደለ፤ እዚህ ደግሞ ጉርብትናው እያለ አሠራሩ ጎደለ። ለሰው የሚበጅ ከተማ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ሰነበተ፤ እኛም ተመልሰን አልሄድንም። በቅርቡ ስልክ ገብቶልን ጋሼን ስናገኛቸው አስቀድሜ የጠየቅኳቸው ስለዚያች ሴት ነበር።

«አለች፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «መታወቂያውም ተገኘ፤ የእድራችን ሰዎች ቆመው መሰከሩላት። አሁን ደግሞ አዲስ የመጣች አንዲት ልጅ አጠገቧ አስቀምጣለች።»

ውድ አንባቢያን፣ በእናንተስ ሠፈር አዲስ የገባ ሰው የለምን? ገበያው ወዴት እንደ ሆነ ያሳየው ሰው ይኖር ይሆን?