ስለ ዘርና ስለ ዜማ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት፥ ሰው ከሰው አይቀበል ለማለት አይደለም። ተውሶ ያጌጠ ሰው፥ ባለቤቱ ወርቁን በጠየቀው ቀን ባዶውን እንደሚቀር ለማሳሰብ ነው እንጂ። ይህን ተረት ያነሣሁት፥ ለአገር ዜማና ለባህል ማቆያ ተብሎ ስለሚሰጠው የዕርዳታ ገንዘብ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ስለ ፈለግሁ ነው።

የምኖርባት ስፍራ ሲሪንቃ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ መርሳን ካለፈ በኋላ ወልድያ ሳይደርስ ያገኛታል። ከተማይቱ ትንሽ ብትሆንም ስሟ በገበሬውም በሊቃውንቱም ዘንድ የታወቀ ነው፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚህ ነውና። በዚያ የሚሠሩት ባለሙያዎች የማሽላውንና የጤፉን ዘር እየመረጡ፥ ድርቁንና አቀንጭራውን የሚችለውን ለይተው ለገበሬው ያቀርባሉ። የጎረቤታችንን የጊራናን ስም የያዘው «ጊራና 1» የተባለው የማሽላ ዘር ከዚሁ የወጣ ነው። አንድ ዘር ለገበሬ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ክረምት ይፈተናል፤ አንድ ክረምት ብቻ አይቶ «ይበቃል» የሚል የለም።

እኔ ግን በማሽላው ማሳ አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር ሌላ ነገር አስባለሁ። ማሽላው ሲያሸት ወፍ ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ፥ ወንጭፉን እያጮኸ የሚያንጎራጉረው ዜማ አለ፤ በደቦ ሲታጨድ የሚባለው ሌላ ነው፤ በአውድማ ሲወቃ የሚባለውም ሌላ ነው። ማሽላው ዘሩ የሚቀመጥበት ቤት፥ የሚጠብቀው ባለሙያ፥ የተቈረጠለትም በጀት አለው። ዜማው ግን ያለው በጥቂት ሽማግሌዎች ጉሮሮ ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በአገራችን ባለፈ ጊዜ የምርምር ማዕከሉ ተዘርፏል፤ ነገር ግን የጠፋ ዘር በአዲስ አበባ ካለው የዘር ማከማቻ ሊፈለግ ይችላል። ከሽማግሌ ጋራ የተቀበረ ዜማ ከየት ይፈለጋል?

ይህም የሚነገረው ስለ ድኻ አገር አይደለም። ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ የሚጠሩት በወሎ አገር ስም ነው፤ አምባሰልም ለእኛ ለሀብሩ ሰዎች ድንበርተኛችን ነው። በቤተ ክርስቲያን ማሕሌቱ፥ በእስላሙ ወገናችን ዘንድ መንዙማው፥ በሠርግ ቤትም ማሲንቆው፥ ሁሉም በአንድ ቀበሌ ውስጥ ይሰማሉ።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ሁሉ በምን አኖሩት? ማሕሌቱ የኖረው በሪምና በጕልት ነው፤ መሪጌታው ከመሬቱ እየበላ ዕድሜውን ሁሉ ያስተምር ነበር። ሸክሙ በገባሩ ጫንቃ ላይ ስለ ነበረ ሥርዓቱ በደል የበዛበት ነበር፤ ስለዚህም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሲሽረው ብዙ ጭሰኛ እፎይ አለ። ነገር ግን ከበደሉ ጋራ የመምህሩም እንጀራ አብሮ ተሻረ፤ በፈንታውም የሚበቃ ነገር አልቆመም። የአብነት ተማሪው ድሮም አኮፋዳውን ይዞ እየለመነ ይማር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መምህሩም የምእመናንን እጅ የሚጠብቅ ሆነ።

አዝማሪው ደግሞ በመኳንንቱ አዳራሽና በሠርግ ቤት ይኖር ነበር። በከተማ በ1927 ዓ.ም. በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ አሳቢነት የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም፥ ኪነ ጥበብ በማኅበር ስም አንድ ቤት አገኘች። በደርግ ዘመን በየስፍራው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፀ መልካሞች የወጡበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንም ከእነዚያ አንዱ ነበረ። ቡድኖቹ ብዙ ዜማ ከገጠር ሰብስበው ለአገር አሰምተዋል፤ ሆኖም የበሉበትን ወጭት አይሰብሩምና ሰጪያቸውን ማወደስ ግዴታቸው ነበረ።

ዛሬ የሚሰጠው ገንዘብ አብዛኛው ከባሕር ማዶ ነው፤ ዓይኑም ወደ ድንጋይ ያዘነብላል። በእኛው በሰሜን ወሎ በላሊበላ፥ የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ትላልቅ መጠለያዎች ተሠሩ። ለጊዜው ተብለው የቆሙት መጠለያዎች ቆይተው ራሳቸው ለአለቱ ሥጋት ሆኑ። ድንጋይ መጠበቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከድንጋዩ ሥር ቆሞ የሚዘምረው ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለማይዳሰሰው ቅርስም በር አልጠፋም። ኢትዮጵያ የዩኔስኮን ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ መስቀል በ2006 ዓ.ም.፥ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. በዓለም መዝገብ ተጽፈዋል። መመዝገብ ግን ስም እንጂ እንጀራ አይደለም። ዕርዳታው ለብቻው ይጠየቃል፤ ጥያቄውም በመንግሥት በኩል፥ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ተጽፎ መቅረብ አለበት። እንግዲህ ማማ ላይ ያለው አንጎራጓሪ ከዚያ በር የሚደርሰው በስንት ሰው እጅ ተይዞ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአቅራቢያችን ያሉ ወጣቶች ከአንድ ሰጪ ድርጅት የባህል ዕርዳታ እንደሚገኝ ሰምተው፥ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ወደ እኔ መጡ። ይዘዋቸው የመጡትም አንድ ሽማግሌ ማሲንቆ መቺ ነበሩ። ወረቀቱ «በሦስት ወር ውስጥ ስንት ሰው ይጠቀማል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን በአማርኛ ባነበብሁላቸው ጊዜ ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ ልጄ፥ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ፤ አንድ ልጅ ስጡኝ፥ አምስት ዓመትም ተዉልኝ» አሉ። ቃላቸውን እንዳለ ጻፍሁት። ገንዘቡ መጣ፤ ነገር ግን የመጣው ለጨርቅ ማስታወቂያ፥ ለከናቴራ፥ ለአዳራሽ ኪራይና ለቀን አበል ተከፋፍሎ ነው። ለመምህርና ለማሲንቆ መግዣ የሚሆን መደብ አልነበረውም። ትርኢቱ በአንድ ቀን አለቀ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ለመድረኩ በውሰት የመጣው ማሲንቆም በማግሥቱ ለባለቤቱ ተመለሰ። ሽማግሌው ዛሬም አሉ፤ ልጁ ግን አልተሰጣቸውም።

ሰጪዎቹን መንቀፍ ብቻ ፍርድ አይሆንም። ገንዘቡ የብዙ ሰው ነውና ሒሳብ ይጠየቅበታል፤ በባህል ስም የሚበላም አለ። ነገር ግን ሒሳብ የሚቈጠረው በከናቴራ ብቻ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ልጅ በሽማግሎች ፊት ቆሞ ሃያ ዜማ ቢያወጣ፥ ከዚህ የበለጠ የታመነ ደረሰኝ ወዴት ይገኛል? ማመልከቻውም በአማርኛ፥ መጻፍ ለማይችለውም በቃሉ በምስክር ፊት ቢቀበሉት ምን ይጎድላል? ዘሩን ስንት ክረምት እንደሚፈትኑት አይተናል፤ ዜማውንም በሦስት ወር አይፍረዱበት።

የቀረው የእኛ ነው። በየሰፈሩ ዕድር አለን፤ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አለን፤ በየመስጊዱም ጀመዓ አለ። ለሞተው ሰው ድንኳንና ንፍሮ የምናዋጣ ሰዎች፥ በሕይወት ላለው መምህር በወር ጥቂት ብር ብንቈርጥ፥ ለአንድ ልጅም የማሲንቆ መግዣ ብናዋጣ፥ ከአቅማችን በላይ አይሆንም። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ያን ጊዜ ቢመጣ የሚያርፍበት ቤት ያገኛል፤ ባይመጣም ቤቱ አይፈርስም።

ስለዚህ ካህናትም፥ በከተማ ያላችሁ ፊደል የቈጠራችሁ ወንድሞችና እኅቶችም፥ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ሽማግሌ ማመልከቻ ይዞ ወደ እናንተ ሲመጣ፥ ቃሉን ሳትቀንሱ ጻፉለት። ከዚያም መልሱን ከሩቅ ከመጠበቃችሁ በፊት፥ በአጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ፈልጋችሁ ስጡት።