ከሆድ ያመለጠ በበጠጥ ይያዛል

ለበዓል በግ የሚገዛ ሰው እጅ የራሱ ሥርዓት አለው፦ መጀመሪያ ወገቡን ጫን ጫን አድርጎ ይዳብሳል፣ ቀጥሎ ላቱን ከፍ አድርጎ ይመዝናል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ከዚያ ዋጋው ላይ ፊቱን ያጠቁራል። የዓይኑን ቆብ ዝቅ አድርጎ ውስጡን የሚያይ ግን እምብዛም አይገኝም፤ የበጉ ጤና ደግሞ በደንብ የሚነበበው እዚያ ነው። ጤነኛው በግ የቆቡ ውስጥ ቀይ ነው፤ ደሙን ትል የሚመጠው ይነጣል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ አምስት የቀለም ደረጃ ያለው ካርድ ተዘጋጅቷል፤ አርቢው ቆቡን ከካርዱ ጋር እያስተያየ መድኃኒት የሚያስፈልገውን በግ ከማያስፈልገው ይለያል።

ደም መጣጩ ሄሞንከስ ይባላል፤ የሚኖረው በበጉ አራተኛ ሆድ ውስጥ ነው። ሴቷ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ከበጠጡ ጋር ይወጣል፣ እዚያው ተፈልፍሎ ያድጋል፣ ከዚያ ሣር ላይ ወጥቶ የሚግጠውን በግ ይጠብቃል። መድኃኒትማ አለ፤ ግን ታያቤንዳዞል የተባለው እ.ኤ.አ. በ1961 ወጥቶ ገና በ1964 የማይበግረው ሄሞንከስ መገኘቱ ተዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትንም ትሉ ተራ በተራ ለምዷቸዋል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ከሆዱ አንሥተው ማንም ወደማያየው ወደ በጠጡ አዞሩ፤ ከሆድ ያመለጠ በበጠጥ ይያዛል ብለው መሆን አለበት።

የሚይዘው ፈንገስ ነው። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ ጀርመናዊው ዞፕፍ አርትሮቦትሪስ የተባለ ፈንገስ በሕይወት ያለ ትል ሲያጠምድ ያየው በ1888 ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ድሬክስለር የበሰበሱ ሥሮችን በሽታ ሲመረምር፣ ከሥሮቹ ጋር አብረው የመጡትን ትሎችና ፈንገሶች እንደ ቆሻሻ አልደፋቸውም፤ አጎንብሶ አያቸው፣ ወጥመዳቸውን አንድ በአንድ መዘገበ፣ ሣለም። ከወጥመዶቹ አንዱ ሦስት ሕዋስ ብቻ ያላት ቀለበት ናት፤ ትሉ አንገቱን ሲያስገባ ሦስቱም በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ጊዜ ውስጥ አብጠው ያንቁታል። ሌሎቹ ሙጫ ያለው መረብ ይዘረጋሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ መረቡ ሁልጊዜ ተዘርግቶ አለመቆየቱ ነው፦ ትሎች እርስ በርስ የሚግባቡበት አስካሮሳይድ የተባለ ኬሚካል አለ፤ አርትሮቦትሪስ ያንን ሲያሸት ነው ወጥመዱን መሥራት የሚጀምረው። ብዙ የሚጣራ ጠላቱንም ይጠራል።

መያዝ ብቻውን ደግሞ መብላት አይደለም። የትሉ ቆዳ በአብዛኛው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ጠንካራ ልብስ ነው፤ ፈንገሱ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም እያፈሰሰ ይበሳዋል፣ ከገባ በኋላ ከውስጥ ያሟሟዋል። ፖኮኒያ የተባለው ሌላ ፈንገስ እንኳን ትሉን፣ እንቁላሉንም አይምርም፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ካይቲን ስላለበት ካይቲን አፍራሽ ኢንዛይም ይዞ ይመጣል። የቲማቲምን ሥር እያቋጠሩ የሚያቀጭጩትን ትሎች ለመከላከል ሲፈለግ የሚታሰበው እንዲህ ያለው ነው።

ለበጉ የተመረጠው ዳዲንግቶኒያ የተባለው ፈንገስ ነው። የዘሩ ቅርፊት ወፍራም ስለሆነ ከመኖ ጋር ተደባልቆ ሲበላ ሆዱን ሁሉ አቋርጦ ሳይፈጭ ይወጣል፤ በጠጡ ላይ ይበቅላል፣ መረቡን ይዘረጋል፣ ሣር ላይ ሊወጣ የተዘጋጀውን እጭ ጎረቤቱ ሆኖ ያገኘዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ለገበያ ቀርቧል። ሆድ ውስጥ ያለውን ትል አይነካም፣ መስኩንም ፈጽሞ አያጸዳም፤ የሚያደርገው በጉ ነገ የሚውጠውን ትል ማሳነስ ነው። ለበግ ደግሞ የነገው ማነስ ቀላል ነገር አይደለም።

ቡናው ሳይቀዘቅዝ አንድ ልጨምር። አዲስ አበባ ውስጥ በየጓዳው በገለባ ከረጢት የሚበቅለውና በጾም ጥብስ የሚሠራው ኦይስተር እንጉዳይም ትል አዳኝ ነው፤ ክሮቹ ላይ ባሉት ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ያለው መርዝ የነካውን ትል ያደነዝዘዋል፣ ከዚያ ክሩ ገብቶ ይመገበዋል። ክፋት ይዞት አይደለም፤ እንጨትና ገለባ ናይትሮጅን ስለሚያንሳቸው የጎደለውን ከትሉ ይሞላል። ዳዲንግቶኒያም በጉን ሊያድን ብሎ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም፤ እኛ መድኃኒት የምንለው ለእሱ ምሳው ነው፤ የእኛ ድርሻ ምሳው ያለበት ቦታ ማድረስ ብቻ ነው።