ከማራኪ እስከ ከዚራ

ጎንደር ውስጥ «ባቡር» ሲባል በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ቀድሞ ትዝ የሚለን ወፍጮ ቤት ነው። እናቶቻችን «እህሉን ባቡር አድርሰሽ ነይ» ይሉን ነበር። ቃሉ ከእንፋሎት ሞተር ጋር ስለመጣ የሚፈጨውም የሚጓዘውም ባቡር ተባለ። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት ሞተርም «የሰርኪስ ባቡር» ነበር ስሙ። በሐዲድ የሚሄደውን ግን ጎንደር እስከ ዛሬ አላየችውም። እኔም እስከ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ድረስ ተሳፍሬበት አላውቅም ነበር።

ጓደኛዬ ደግሞ በባቡር ጩኸት ያደገች የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ። ለነርስነት ትምህርት ጎንደር መጣች፣ የጎንደር ሰው አገባች፣ እዚሁ ማራኪ ጎረቤቴ ሆና ቀረች። እኛም ስሟን ትተን «ድሬ» አልናት። ስኳር ከያዛት አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አምና ዓይኗን ስትመረመር ከዓይኗ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለተጎዱ የሌዘር ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ተነገራት። እሷ ግን ሦስት ቀጠሮ አሳለፈች። ስንት በሽተኛ «መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ» ስትል የኖረች ነርስ፣ ለራሷ ሲሆን «ሌዘር ዓይን ያጠፋል» የሚለውን የሰፈር ወሬ ሰማች። ሌዘሩ የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረው እንዳይጠፋ ነው የሚረዳው። ይህን እኔ ለእሷ አልነግራትም፤ አብረን ነው የተማርነው።

አንድ ቀን ቡና ላይ ስነዘንዛት «በመጀመሪያ የአባቴን ባቡር አይቼ ልምጣ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ» አለችኝ።

«አብሬሽ ሄጄ ካሳየሁሽ ትታከሚያለሽ?»

«በማርያም!»

እንዲህ ተዋዋልን። ልጆቻችን «በዚህ ዕድሜ ምን ፍለጋ ነው?» ብለው ቢያጉረመርሙም የአውሮፕላኑን ትኬት የቆረጡልን እነሱ ናቸው። መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ ከአዘዞ አዲስ አበባ የበረርን ሲሆን፣ በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ፉሪ ለቡ ጣቢያ ደረስን። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ መታወቂያችሁን አትርሱ። የሰው ባቡር በየቀኑ ስለማይነሳም የመመለሻውን ቀን ሳታረጋግጡ አትውጡ። ጣቢያው ከመሀል ከተማ ስለሚርቅ በሌሊት መነሳት የግድ ነው።

ይህ አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ወደብ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ድሬ ገና እንደተነሳን አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ «ጭስ የሌለው ባቡር ወጥ የሌለው እንጀራ ነው» አለች። ለእኔ ግን ተአምር ነበር። ከአውቶቡስ ጋር ሲነጻጸር ጉድጓድ የለ፣ «ረዳት አውርደኝ» የለ፣ ሲያሻን ተነስተን ወዲያ ወዲህ እንላለን። እግር የሚያብጥባችሁ አያቶች ይህን ልብ በሉ። በየሰዓቱ ተነስቶ ትንሽ መራመድ ለደም ዝውውር ይጠቅማል፤ በአውቶቡስ የማይቻለው በባቡር ይቻላል።

ቢሾፍቱንና ሞጆን አለፍን፤ አዳማ ሰው ወርዶ ሰው ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ አገሩ እየቀለለ፣ ዛፉ እያጠረ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ አዋሽ ሲደርስ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል። ለጎንደሬ ሰውነት ይህ ቀልድ አይደለም። ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፤ የድሬ ፊት ግን እየበራ ሄደ።

መተሐራ አጠገብ የበሰቃን ሐይቅ በመስኮት አየነው። ከስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለመጠጥም አይበጅም፤ እየሰፋ የሄደውም ሰው ከሚያርሰውና ከሚያሰማራበት መሬት ላይ ነው። ከጀርባው የፈንታሌ ተራራ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዩን ዘርግቶ ተኝቷል።

አዋሽ ስንቃረብ ድሬ ዝም አለች። በጥር 1977 ዓ.ም. የቀድሞው ባቡር እዚያ አካባቢ ከመታጠፊያው ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ፣ ፉርጎዎቹ ገደል ገብተው ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ የከፋው ነው። ያኔ እኛ ጎንደር ሥራ ላይ ነበርን። ድሬ ስልክ ፍለጋ ስትሯሯጥ አብሬያት ነበርኩ። ቤተሰቧ ደህና ነበሩ፤ ከሰፈሯ ግን የሞተ ነበር። ገደሉን እስክናልፍ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ምንም አልተባባልንም።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ግራር፣ ግመል፣ ፍየልና አሸዋ ነው። በመሐል ድሬ ላብ ላብ ሲላት ስኳሯን ለካሁላትና ወርዶ አገኘሁት። በመንገድ ላይ ቶሎ የሚበላ ነገር ከእጅ አይለይ የምለው ለዚህ ነው። ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሰፊ አፍ ፔርሙስ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ በረዶ አይንካው፣ በአውሮፕላንም ከእጅ ሻንጣ አታውጡት።

ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ደረስን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጅ መያዝ ነበረብን። ልጁ የልጅ ልጄ እኩያ ይሆናል፤ «አቦ አንቺ፣ ቦርሳሽን አምጪው!» አለኝ። እኔ በአገሬ ጎረምሳ «አንቱ» ሲለኝ የኖርኩ ሴት ክው አልኩ። ድሬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እዚህ ‹እርስዎ› ካሉሽ ተጣልተውሻል ማለት ነው» አለችኝ። እስከ እሑድ ድረስ ለምጄው እኔም ሁሉንም «አንተ» እያልኩ ነበር።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ሽቅብ መውጣቱ አስቸጋሪና ውድ ስለነበር ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ፤ በዚያም «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ የዛሬዋ ድሬ። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በደቻቱ ወንዝ ወዲህ የምድር ባቡር ሰዎች የቀየሱት ከዚራ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ መንገዱን ያለበሰው፤ ወዲያ ማዶ ገበያውና ጠባብ መንገዶቹ ያሉበት መጋላ አለ። ደቻቱ ስናየው ደረቅ አሸዋ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌው ጣቢያ ሄድን። ጥበቃው ያለ ፈቃድ አይገባም ብሎ መለሰን፤ ፈቃዱን ስናመጣ ግን ራሱ እየመራ አስገባን። ግቢው ውስጥ የዛጉ ፉርጎዎች፣ የቆሙ የዲዝል ባቡሮች፣ ከጣሊያን ዘመን የቀረችው ሊቶሪና፣ ዛሬም ዘይት ዘይት የሚሸት ወርክሾፕ አለ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ እነዚህ ባቡሮች ወደ አዲሱ መስመር ሊሻገሩ አይችሉም።

ድሬ አንዱ ፊት ቆመችና «ቁጥሩን አንብቢልኝ» አለችኝ። ቀለሙ የደበዘዘ መሰለኝና ቀረብ ብዬ አነበብኩላት። በቀጣዩም እንዲሁ። በሦስተኛው ላይ ዞር ብዬ አየኋት። ቁጥሩ የክንድ ያህል ነበር፤ ነጭ በአረንጓዴ ላይ የተጻፈ፤ እሷም ከፊቱ ሦስት እርምጃ ላይ ነበር የቆመችው። ማራኪ ውስጥ መንገዱን ስለምታውቀው ነው ለካ ያልነቃሁት! አብሬያት ስውል ስከርም፣ ነርስ ነኝ እያልኩ፣ ይህን ያህል መድረሱን አላየሁም።

ምንም አላልኳት፤ እኔ አነበብኩ፣ እሷ አወራች። ይኸኛው አባቴ ሞተሩን የፈቱት ነው፤ ያኛው ወደ ጅቡቲ ሲሄድ ከደወሌ አሣ ይዞ ይመለስ የነበረው ነው፤ እዚህ ጋ ምሳ አመጣላቸው ነበር፤ እጃቸውን በጋዝ ታጥበው ነው እንጀራውን የሚነኩት። በመጨረሻ አንዱን ብረት በመዳፏ እየዳበሰች ብዙ ቆየች። ሲወጣ መዳፏ ዝገት ብቻ ነበር። ልጠርግላት መሐረብ ባወጣ «ተይው» አለችኝ።

እሑድን ከአዲሱ ሐዲድ ራቅ ብለን በአጥር ማዶ ከጎረቤት ልጆች ጋር አሳለፍነው። የጭነት ባቡር ኮንቴይነር ተሸክሞ ሲያልፍ ልጆቹ ፉርጎውን ይቆጥራሉ፤ ድሬ ጀርባዋን ሰጥታ በጆሮዋ ትቆጥራለች። ሁለት ጊዜ ከልጆቹ ጋር እኩል ቆጠረች፤ በሦስተኛው በአንድ በለጠቻቸውና ጭቅጭቅ ተነሳ። ማን ትክክል እንደነበር አልተፈታም፤ እኔ ለዳኝነት ብጠየቅም በወሬ ሳልቆጥር ቀርቼ ነበር።

ማታ ከዚራ ዛፍ ሥር ሳምቡሳ በሻይ ስንበላ ሳልጠይቃት «ቀጠሮውን አስይዢልኝ» አለች። በስልክ አስያዝኩ። ቀጠሮው የፊታችን ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ላይ በሯን ላንኳኳ ቃል ገብቻለሁ፤ እሷ ደግሞ ከዚያ በፊት ወጥታ እንደምትጠብቀኝ ነግራኛለች።