ልጄ ስንተኛ ሃቅባጻ ነው?

እዚህ እስራኤል፣ ገዴራ፣ እኛ ወላጆች ዘንድ የሒሳብ ነገር የሚነሳው ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሶ ባግሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናው፣ ሲቃረብ ነው። ያኔ አስጠኚ ፍለጋ፣ ብድር፣ ጭንቀት። ለእኔ ግን ነገሩ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ፣ ልጆቹ በሃቅባጻ፣ ማለትም በችሎታ ምድብ፣ ሲከፋፈሉ ነው። ዝቅተኛው ምድብ የገባ ልጅ ትምህርቱም ቀለል ተደርጎ ነው የሚሰጠው፤ ጎበዝ ቢሆን እንኳ ክፍተቱ በየዓመቱ ይሰፋና መጨረሻው ሦስት የሂዶት፣ ዝቅተኛው የባግሩት ሒሳብ ደረጃ፣ ይሆናል። ከፍተኛውን ደረጃ፣ አምስት የሂዶት፣ ያለፈው ግን ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት በሒሳብ ውጤቱ ላይ 35 ነጥብ ይጨመርለታል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የትምህርት ሚኒስትሩ ናፍታሊ ቤኔት አምስት የሂዶትን ለማስፋፋት ዘመቻ ጀምሮ ተፈታኙ በጥቂት ዓመታት በጣም በዛ። ደግ ነው። የተጠቀሙት ግን ቀድሞውኑ ደጁ ላይ የቆሙት ይመስሉኛል።

«መምህሩ ያውቃል» ማለት ጨዋነት ነው፣ እኔም በዚያው ነው ያደግሁት። አሁን ግን የወላጆች ስብሰባ ላይ ጠይቁ፦ ልጄ ስንተኛ ሃቅባጻ ነው? ከፍ ለማለት ምን ይጎድለዋል? ዕብራይስጡ ካስቸገረ ታላቅ እህቱን ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የሚያዋጣውን እየመረጠ ነው የሚተረጉምላችሁ!