የአተር ሕመም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አተር ዛሬም አልበላም። ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ፓፈር የሚባሉትን ሦስት አሳዎቼን አተር፣ ምስርና ሽምብራ ያለቻቸው ልጄ ናት። አድገው ቢጨርሱ እንኳ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፉም። ፈረንጆቹም የሚጠሯቸው በአተር ስም መሆኑን ስነግራት «አየህ አባዬ!» አለችኝ። አገራቸው ደቡብ ሕንድ፣ የኬረላ ወንዞች ነው። ሁለት ዓይናቸው ለየብቻው ይዞራል፤ በአንዱ ምግብ ሲፈልጉ በሌላው እኔን ያዩኛል።

አተር ግን ዛሬ ማንንም አያይም። ከማሞቂያው ጀርባ ጭራውን አጥፎ ተወሽቋል። ቢጫና አረንጓዴ የነበረው ገላው ጠቁሯል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አፉን ነበር። የፓፈር ጥርስ እንደ ጥፍር ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት እየሰበረ ካልሞረደው ይረዝምና መብላት ይከለክለዋል። በማጉያ መነጽር አየሁት፤ አልረዘመም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አሳ ግን ከመደበቅ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ወንዝ ውስጥ ደክሞ የታየ ይበላል። ስለዚህ ዛሬ ዓይናችን ያየው ሕመም ዛሬ የጀመረ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 19 ዲግሪ ላይ ነበር፤ እነዚህ አሳዎች የሚስማማቸው 25 ገደማ ነው። የፊት ለፊታችን እማማ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ጎንበስ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ብርድ መትቶታል፤ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አሉኝ።

አሳ ሻጭ ጋ ስደውል ደግሞ «ሰማያዊውን ጠብ ጠብ አድርግበት፤ የሁሉም መድኃኒት ነው» አለኝ። ምን እንዳለበት ብጠይቀው አያውቀውም። ፓፈር እንደ ሌሎቹ አሳዎች የሚሸፍነው ቅርፊት ስለሌለው መድኃኒት ቶሎ ይጎዳዋል፤ በተለይ መዳብ ያለበት። የሁሉም መድኃኒት ለማን እንደሚሆን ሳላውቅ አልገዛም ብዬ ተውኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ውሃውን መረመርኩ። እኛ አምስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚደርሰን። ከለገዳዲም ይምጣ ከገፈርሳ ክሎሪን አለበት። እኛን ከበሽታ የሚጠብቀን ክሎሪን የአሳን ስንጥብ ያቃጥላል፤ በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ስለዚህ ውሃውን በጄሪካን ቀድቼ ክዳኑን ከፍቼ አሳድረዋለሁ።

የአሞኒያው መመርመሪያ ቢጫ ሆኖ መቅረት ሲገባው ወደ አረንጓዴ አዘነበለ። ምክንያቱን ለመገመት ብዙ አልተቸገርኩም። ሐሙስ መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ቆመ፤ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጠራቸው፤ የአሳውን ቆሻሻ የሚያጠራ ጠፋ። በዚህ ላይ የእኛ ከተማ ከፍታ አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ባቄላው ቶሎ አልበስል እንደሚለን ሁሉ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የውሃውን ሲሶ ቀየርኩ፤ የአየር ፓምፑንም ጨመር አደረግኩት።

ማምሻውን ምስርና ሽምብራ መስተዋቱን ሲታከኩ፣ አተር ካለበት ንቅንቅ አላለም። ውሃው ጥፋት አለበት፤ ግን ከመብራቱ መጥፋት በፊትም አተር አይበላም ነበር። ደግሞስ ሦስቱ አንድ ውሃ እየጠጡ አንዱ ብቻ ለምን ይታመማል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ጠዋት ባቡሩ ከተግባረ እድ ወደ ሜክሲኮ ሲያልፍ በጭስ መሐል ነበር። እንዳታቃጥሉ ቢባልም ኅዳር መታጠኑ አልቀረም። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ስለሚነፋ መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ።

ልጄ ጭሱ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን እንዴት እንደፈጃት፣ ሰው ቆሻሻ እየሰበሰበ በጭስ ሊያባርረው እንደሞከረ ነገርኳት። ዓለም «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» ያለው ነው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በተመራማሪዎች እጅ የገባው ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 ነበር። በ1911 የታመሙትን ምን እንደያዛቸው የሚነግራቸው አልነበረም፤ በእጃቸው ባለው ታገሉ።

«እኛስ አተር ምን እንደያዘው እናውቃለን?» አለችኝ። አላወቅንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ትናንት ማታ መብራቱን አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከጎን አበራሁበት። ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ሆዱ ከሥር በጣት የተቆነጠጠ ያህል ገብቷል። ከኋላው ነጭ ክር የመሰለ ሰገራ ተንጠልጥሏል። ደስ አለኝ፤ የጥገኛ ትል ምልክት ነዋ!

ፎቃችን ላይ የምትኖረውን የእንስሳት ሐኪም ጠራኋት። ደብረ ዘይት የተማረች፣ ከበግና ከላም ጋር የምትውል ናት። «ቸኮልክ» አለችኝ። «ያልበላ አንጀትም ነጭ ነው የሚያወጣው። ክሩን አምጣልኝ።» በዓይን መድኃኒት ጠብታ መሳቢያ ክሩን ሳብኩና በትንሽ ጠርሙስ ሰጠኋት። ስትወጣ «የዚህ ዘመድ እኮ እኛም አገር አለ፤ ባሮና ኦሞ ውስጥ። እሱ ግን ክንድ ያህላል» አለች።

ዛሬ ማምሻውን በአሥራ ሁለት ሰዓት ደወለች። በማይክሮስኮፕ አይታዋለች፤ የትል እንቁላል አለበት። እንግዲህ ከወንዝ ሲያዝ ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ይዞት የመጣው ይሆናል፤ ብርዱና አሞኒያው ያደከሙትን ትሉ ጨረሰው።

መድኃኒቱ ሌቫሚዞል ነው፤ ገበሬው ሁሉ ለበጉ የሚገዛው የቴትራሚዞል አንድ ወገን። ትሉን ሽባ ያደርገውና አንጀቱን ይለቃል። መጠኑን በሚሊግራም አስልታ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ እኔ በበግ ልክ እንዳልሰጠው ፈርታ መሰለኝ። አተርን በአሥር ሊትር ባልዲ ለየነው። ብርሃን መድኃኒቱን ስለሚያበላሸው በነጠላ ሸፈንነው። እማማ አይተው «ምነው፣ ሊጥ ነው እንዴ?» አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

መድኃኒቱ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። አንድ ውሃ ውስጥ ነበሩና ያልታመሙት ምስርና ሽምብራም ይወስዳሉ። አተር በንጹሕ ውሃ ሳምንት ሆነው። ሆዱ አሁንም ገባ ያለ ነው፤ ቀለሙ ግን እየተመለሰ ነው።

ትናንት ማታ ከእጽዋቱ ላይ ሦስት ቀንድ አውጣዎች ለቅሜ ባልዲው ውስጥ ጣልኩ። ዛሬ ጠዋት ነጠላውን ስገልጥ ሁለቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ሦስተኛው ከሥር ነው፤ ቅርፊቱ ጫፉ ተሰብሮ ባዶውን ተኝቷል። ባልዲው ውስጥ ከአተር በቀር ማንም የለም።

ልጄ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሮጠች። እማማ የነቢያትን ጾም ከያዙ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ሰምተው ሳቁና «እኛ ስንይዝ እሱ ፈታ በላ!» አሉ።