ቾፕ፣ ፍራይ፣ ቦይል ብቻ አይበቃም

በጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ ሰፈር ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን እንግሊዝኛ አያውቁም ሲባል እሰማለሁ። ያውቃሉ። ችግሩ የሚያውቁት እንግሊዝኛ በሙሉ ትእዛዝ መሆኑ ነው፦ ዋሽ፣ ክሊን፣ ኩክ፣ ብሪንግ፣ ሃሪ አፕ። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰሙት ይኸው ስለሆነ በ«አይ» (እኔ) የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። አርብ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሴቶችን ሰብስቤ ሳስተምር የምታገለው ከዚህ ጋር ነው።

ጅቡቲ በሕግ የፈረንሳይኛና የዓረብኛ አገር ናት፤ በሰፈርና በገበያ ደግሞ ሶማልኛና አፋርኛ ይነገራል። እንግሊዝኛ በእኛ አካባቢ ፈላጊው የበዛው የአሜሪካ ግብረ ኃይል በ2003 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ባለው ካምፕ ሌሞኒየር ከሰፈረ ወዲህ ነው። ካምፑ ቀድሞ የፈረንሳይ ጦር ሰፈር ነበር።

ትምህርቱን ከወጥ ቤት እጀምራለሁ፤ ሴቶቹ ሥራውን ከማንም በላይ ያውቁታልና የሚጎድላቸው ስሙ ብቻ ነው። የገበያው ፈረንሳይኛም ያግዘናል። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ሲይዙ የወጥ ቤቱን ቋንቋ ይዘውት ገብተዋል፤ ፍራይ፣ ቦይል፣ ሮስት፣ ሶስ፣ ቢፍ፣ ኦንየን ሁሉም ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። «ኦኞን» ብላ ሽንኩርት ስትገዛ የኖረች ሴት «ኦንየን» ለማለት ምን ያህል ይቀራታል? ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ሲፈታ አያለሁ።

ሰዋስውም ከዚያው ይወጣል። እኛ «ሦስት ሽንኩርት» ስንል ሽንኩርቱን ማብዛት አያስፈልገንም፤ እንግሊዝኛ ግን መጨረሻው ላይ ኤስ ካልጨመሩበት ጆሮው አይቀበለውም። «ሦስት ሩዝ» ግን በአማርኛም አንልም፤ ሁለት ብርጭቆ ሩዝ እንላለን እንጂ። «ቱ ካፕስ ኦፍ ራይስ» ያው ነው። የሚቆጠርና የማይቆጠር ስም የሚባለውን ምዕራፍ ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ብርጭቆ አንስቶ ማሳየት ይሻላል።

የምወደው ግን ማቁላላትን ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ ግሥ ስለሌለው መተረክ ግድ ይላል፦ «ኩክ ዘ ኦንየንስ ስሎሊ፣ ዊዝአውት ኦይል፣ አንቲል ዘይ ተርን ብራውን»። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ነገር ይማራሉ። በተለይ ከ«አንቲል» በኋላ ወደፊት የሚሆን ነገር ቢሆንም «ዊል» አይገባም። እኛም «እስኪቀላ» እንላለን እንጂ «ይቀላል» የሚለውን አናስገባም፤ ስለዚህ ይቀላቸዋል።

ጨዋነቱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። እኛ አክብሮትን በግሡ ውስጥ እናስቀምጣለን፦ ስጪኝ፣ ስጠኝ፣ ይስጡኝ። ከእኩያችን ጋር ስንሆን ደግሞ «እስኪ»፣ «በናትሽ» እንላለን። እንግሊዝኛ «ጊቭ» የሚለውን ለሕፃንም ለሽማግሌም አንድ አድርጎ ይተወውና አክብሮቱን ከውጭ ያመጣል፦ ፕሊዝ፣ ኩድ ዩ፣ ዉድ ዩ ማይንድ። ይህን ያልተማረች ጨዋ ልጅ ባለጌ ትመስላለች። አሠሪዋም በዚያው ይፈርድባታል፤ እሷ ግን ምን እንዳጠፋች አታውቅም።

እዚህ ላይ ማቆም ግን አልችልም። ትእዛዝ በሚገባ መረዳት ጥሩ ተቀጣሪ ያደርጋታል እንጂ ለራሷ መናገር አያስችላትም። ስለዚህ ያንኑ ወጥ በእሷ አንደበት እናስነግራለን፦ «አይ ሃቭ ቾፕድ ዘ ኦንየንስ»። ብዙ ተማሪ የሚፈራው ይህ «ሃቭ» የሚገባበት የግሥ ቅርጽ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም፤ «ከትፌዋለሁ» እንደማለት ነው። ከዚያ ወደ ሥራው ይሻገራል፦ «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ፎር ቱ መንዝስ»፤ ሁለት ወር ሠርቻለሁ። «ዩ ሃቭንት ፔይድ ሚ የት»፤ ገና አልከፈላችሁኝም። «አይ ዲድንት ብሬክ ኢት»፤ የሰበርኩት እኔ አይደለሁም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ከመስከረም ጀምሮ እየሠራሁ ነው» የሚለውን እንዳለ ወስደው «አይ አም ወርኪንግ ሲንስ ሴፕቴምበር» ይላሉ። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሲንስ ሴፕቴምበር» ነው። ስለ ደመወዝ በምትነጋገር ሴት አፍ ላይ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሠራች በግልጽ መናገር መቻል አለባት፣ የወሩም ስም ከአፏ ሳይደናቀፍ መውጣት አለበት። «ዴይ ኦፍ» የሚለውንም ቀድሜ አስተምራለሁ፤ «ኩድ አይ ሃቭ ፍራይዴይስ ኦፍ፣ ፕሊዝ?» ብላ የዕረፍት ቀኗን የምትጠይቅበት ነውና።

በየሰፈራችሁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አካባቢ እህቶቻችንን የምታስተምሩ ወገኖች፣ «አይ አም፣ ዩ አር» እያላችሁ ወራት አትፍጁ። ተማሪዋን ሽሮ እንዴት እንደምትሠራ ጠይቋት፤ መጀመሪያ በትእዛዝ፣ ቀጥሎ «አይ» ብላ ባለፈ ጊዜ ትናገር። እኔ ለመጪው አርብ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይኸው ነው፦ በዚህ ሳምንት የሠራችሁትን አንድ ምግብና አንድ የሥራ ቀን፣ ሁለቱንም በ«አይ» ጀምራችሁ ተናገሩ።