ስለ ካርታ ሥርዓትና ስለ ባልንጀርነት

ጨዋታ ማለት ከሥራ የተረፈ ሰዓት ማሳለፊያ ብቻ ነው ብለው የሚፈርዱ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ተሰብስበው፣ ዳኛ ሳይቆምባቸውና ቅጣት ሳያስፈራቸው፣ ራሳቸው ለደነገጉት ሕግ ራሳቸው የሚታዘዙበት ስፍራ ቢፈለግ፣ ከጨዋታ ገበታ ይልቅ ጎልቶ የሚታይ በቀላሉ አይገኝም። በዚያ ገበታ ዙሪያ ባለጸጋው ባለጸግነቱን፣ ሹሙም ሹመቱን ከደጅ ትቶ ይቀመጣል፤ አሸናፊው በዕውቀቱና በዕድሉ ያሸንፋል፤ ተሸናፊውም ሕጉ ለሁሉ እኩል መሆኑን ስለሚያውቅ ያለ ቂም ይነሣል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሕግ ከሌላ ተቀብሎ መጫወት መልካም ሆኖ ሳለ፣ ከባልንጀሮች ጋራ ተመካክሮ መደንገግ፣ ደንግጎም በየጊዜው ማረም ከዚያ የሚበልጥ ደስታና ተግሣጽ ያለው ሥራ መሆኑን በዚህች ወግ ልገልጽ አስባለሁ።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የገበጣ ዓይነቶች ሲመዘግቡ ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ የጉድጓዱ ረድፍ በአንዱ አገር ሁለት፣ በሌላው ሦስት ሲሆን፣ የጠጠሩም አዘራርና አማረክ ከስፍራ ስፍራ ይለያያል። ሰንጠረዥም በእኛ ዘንድ ከሌላው ዓለም የተለየ ሥርዓት ነበረው፤ ይኸውም ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን በአንድ ጊዜ እያንቀሳቀሱ፣ አንዱ የሌላውን እስኪገድል ድረስ ይሰለፉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተራ በተራ ይሆናል። ንጉሡንም በብርቱው መሣሪያ ከመያዝ በደካማው መያዝ ይበልጥ ያስመሰግን ነበር። አባቶቻችን ጨዋታን እንደ ተቀበሉት ብቻ አላስቀመጡትም፤ ለጠባያቸውና ለማኅበራቸው እንዲስማማ አድርገው አበጁት እንጂ።

ካርታ የመጣው ከዚህ ሌላ በሆነ መንገድ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ከግብፅ ማምሉኮች ወደ አውሮጳ እንደ ተሻገረ የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ሙዚየም የሚገኘውም የማምሉክ ካርታ ዲናር፣ ጽዋ፣ ሰይፍና በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት ዱላ የተሳለባቸው አራት ወገኖች ያሉት፣ ሙሉ ቁጥሩም 52 የሆነ ነው። ዛሬ በሰፈራችን ኮንከር የሚጫወቱበት ካርታ ሥዕሉ ቢለወጥም ቁጥሩንና አራትነቱን እንደ ጠበቀ ይኖራል። ስድስት መቶ ዓመት የኖረ ሥርዓት ሊከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን በዚህ ካርታ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ምልክት ብቻ ስለ ሆነ፣ የሚጫወቱበት ሰዎች ማን እንደ ሆኑ፣ ምን እንደሚያርሱና ምን እንደሚነግዱ ካርታው ሊናገር አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን ጨዋታ ለገበያ ሲያበቃ፣ እያንዳንዱ ካርታ የገዛ ራሱን ሕግ በላዩ ተጽፎ እንዲይዝ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጨዋታ የሚገናኙ ባልንጀሮች ከብዙ ሺህ ካርታ መካከል የወደዱትን መርጠው፣ አንዱንም ሳይደግሙ የራሳቸውን ስብስብ ማሰናዳት ለመዱ፤ ስብስቡንም ኪዩብ ይሉታል። የአጨዋወቱም ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ካርታው ሁሉ ከተበወዘ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ አምስት አሥራ አምስት ይታደላል፤ እያንዳንዱም ከእጁ አንዱን መርጦ ያስቀርና የቀረውን አሥራ አራቱን ለጎረቤቱ ያሳልፋል፤ እንዲሁ እየተመረጠና እየተላለፈ እጁ ባዶ ሲሆን ሁለተኛው፣ ቀጥሎም ሦስተኛው እደላ ይሆናል፤ መጀመሪያው ወደ ግራ፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው እንደ ገና ወደ ግራ ይዞራል። ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው አርባ አምስት ስለሚመርጡ 360 ካርታ ይበቃል። በመጨረሻም ሁሉ በመረጠው ይጫወታል።

እኛ በኮልፌ በ18 ማዞሪያ አካባቢ የምንኖር ባልንጀሮች፣ በባሕር ማዶው ካርታ ላይ የተሳለው ጠንቋይና ዘንዶ ከኑሯችን የራቀ ሆኖ ስላገኘነው፣ ሥርዓቱን ወስደን ነገሩን ከአገራችን ምግባር ልንሞላው ቆረጥን። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ አርበኛ፣ ሊቅና ባለ እጅ ብለን አምስት ወገን አቆምን፤ ለእያንዳንዱ ወገን ስድሳ ካርታ ሰጠን፤ የቀረውንም ስድሳ ማንም ወገን ሊጠቀምበት የሚችል የማኅበር ካርታ አደረግነው። ደቦ የሚለው ካርታ ሦስት ደካሞች ተባብረው የአንድ ብርቱ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ዕቁብ የሚለው ደግሞ በገበታው ያሉት ሁሉ አንዳንድ ካርታ እንዲያዋጡና ዕጣ የወጣለት ሁሉን እንዲወስድ ያዛል፤ ዕድር የሚለውም የወደቀውን ሰው ሌሎቹ እንዲያነሡት ግድ ይላል። ከማኅበረተኞቹ መካከል መምህር፣ የታክሲ ሾፌር፣ በአጠና ተራ እንጨት የሚነግድ፣ በቤቷ ልብስ የምትሰፋ እኅትም አሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ገበታ ይቀመጣል፤ ረመዳን ሲሆን ጨዋታው ከማፍጠሪያ በኋላ ይሆናል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባም ቡናው በሽምብራ ቆሎ ይጠጣል።

ስለ ጥበበ እዱ ጥቂት መናገር ይገባል። ከመርካቶ ከምናለሽ ተራ ያገኘነውን ካርቶን 63 በ88 ሚሊሜትር አድርገን ቆረጥን፤ ጽሕፈቱን በፎቶ ኮፒ ቤት በወፍራም ወረቀት አስወጥተን ለጠፍንበት፤ እያንዳንዱንም ጀርባው በማያሳይ የላስቲክ ሽፋን ከተትነው። ሽፋኑ ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ካርታ ከሌላው በጥቂት እንኳ ቢሰፋ ወይም ጀርባው ቢጎድፍ፣ የለመደ ጣት ያውቀዋል፤ ጣት ያወቀው ካርታም ምሥጢርነቱን ያጣል፤ ምሥጢር በሌለበትም ፍትሕ ርትዕ አይኖርም።

የዚህ ሥርዓት ረቂቅነት በምርጫው ውስጥ ይገለጣል። መጀመሪያ አይቼ ያሳለፍኋቸው አሥራ አራቱ ካርታዎች በሰባቱ ባልንጀሮቼ እጅ ዞረው ሲመለሱ ሰባት ብቻ ይሆናሉ፤ እነማን እንደ ጎደሉ በማየት፣ አንዱ ጎረቤቴ ወደ ንግድ፣ ሌላው ወደ አርበኝነት እንዳዘነበለ፣ ማንም ያልፈለገው ወገን የትኛው እንደ ሆነ ያለ አንዳች ቃል እረዳለሁ። ብርቱውን ካርታ ለራሱ የሚያስቀር ሰው ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ ባልንጀሮቹ የተዉትን አስተውሎ ከዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የቅኔ ተማሪ ልኩ አስቀድሞ በታወቀው በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ወይም በመወድስ ስምንት ቤት ውስጥ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ እንደሚቆጥር፣ ተጫዋቹም ከታወቁት 360 ካርታዎች በየጊዜው ያልታየ ስብስብ ያወጣል። ለዚህ ደግሞ ካርታዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ መሆን አለባቸው፤ ይህም የሚገኘው በመጀመሪያው ድንጋጌ ሳይሆን በማያቋርጥ እርማት ነው።

ለምሳሌ ድርቅ የተባለውን ካርታ እናንሣ። ሕጉ በገበታ ላይ የተዘራውን ሁሉ ያጠፋ ነበርና፣ በእጁ የገባለት ሰው የሌሎቹን ብልሃት ሁሉ ከንቱ ያደርግ ጀመር፤ ሁሉም እርሱን ብቻ ይመርጣል፤ እርሱን ያላገኘውም ተስፋ ይቆርጣል። በሌላ ወገን ጎተራ የሚለው ካርታ ሰው ሁሉ የሚንቀው ሆኖ፣ እስከ መጨረሻው እጅ ሳይነሣ ይዞር ነበር። ድርቅን ማውጣት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የአገራችንን ኑሮ እንጽፋለን ብሎ የተነሣ ሰው ድርቅን ሊሽር አይችልም። ስለዚህ በጎተራ የገባውን እህል ድርቅ አይነካውም የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርን፤ በዚያች ቃል ብርቱው ተገታ፤ የተናቀውም ከበረ። ካርታ ለብቻው ብርቱ ወይም ደካማ አለመሆኑን፣ ጉልበቱ ከጎኑ ባለው ካርታ የሚለካ መሆኑን ከዚያ ወዲህ እንደ ሕግ ይዘነዋል።

ይሁን እንጂ አንዱ እርማት ሌላውን እርማት ይወልዳል። ሰው ሁሉ እህሉን በጎተራ እያከማቸ የማይሰጥ፣ የማይነግድ፣ የማይዘምት ሆነ፤ ገበታውም ፈዘዘ። በዚህ መካከል በምንጫወትበት ጊቢ የሚኖሩ፣ ካርታን ከቁማር ለይተው የማያዩ ሽማግሌ አንድ እሑድ ከበሩ ላይ ቆመው፣ «እናንተ ልጆች፣ ካርታ የሰው ቤት ሲያፈርስ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ተዉ» አሉን። መምህሩ ተነሥቶ ወንበር አቀረበላቸውና፣ «ጋሼ፣ ገንዘብ የለበትም፤ እስቲ ይዩት» ብሎ ካርታዎቹን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ካነበቡ በኋላ ጎተራን አንሥተው፣ «ይኼ ተሳስቷል፤ በጎተራ የከረመ እህል እንዲሁ አይቀመጥም፤ ማሽላውንም ስንዴውንም ነቀዝ ይበላዋል፤ ጤፍን ግን ነቀዝ አይነካውም» አሉ። እውነትም እንዲሁ ነው፤ የጤፍ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ነቀዝ አይይዛትም፤ ጤፍ ለብዙ ዓመት ተከማችቶ ይኖራል። እንደ ቃላቸው በጎተራ ያለው እህል በየዙሩ አንዳንድ እንዲጎድል፣ ጤፍ ግን እንዲጸና፣ ጤፍን ለመዝራትም ከሌላው የሚበልጥ ድካም እንዲከፈል ደነገግን። እኛ ብዙ ጊዜ የተከራከርንበትን ነገር የገበሬ ልጅ የሆኑት ሽማግሌ ከኑሯቸው ባወጡት ቃል ፈቱት፤ ጨዋታውም በእርሳቸው ምክንያት የሚበልጥ እውነት አገኘ።

ስለ ቃላት አጻጻፍም የምለው አለኝ። ቅዱሳት መጻሕፍትን በአንድምታ የሚተረጕሙ ሊቃውንት ከአንድ ቃል «አንድም» እያሉ ብዙ ምሥጢር ያወጣሉ፤ ይህም የትምህርቱ ክብርና ጥልቀት ነው። የካርታ ሕግ ግን አንድም ሁለትም ተብሎ የተተረጐመ እንደ ሆነ ጠብ ይነሣበታል። ስለዚህ በካርታ ላይ የሚጻፈው አጭርና አንድ ፍች ብቻ ያለው እንዲሆን፣ ያላየው ሰው ሲያነበው ሌላ ሳይጠይቅ እንዲረዳው ማድረግ ይገባል። ያጠራጠረን ቃል ሲገኝ ተጫውተን ከጨረስን በኋላ በደብተር እንጽፈዋለን እንጂ በጨዋታው መካከል ሕግ አንለውጥም፤ በመካከል የተለወጠ ሕግ አንዱን መጥቀሙ፣ ሌላውንም መጕዳቱ አይቀርምና። አዲስ ካርታ ሲገባም አንድ አሮጌ ይወጣል፤ ቁጥሩ 360 ሆኖ ይጸናል። ብዙ ካርታ በአንድ ጊዜ አንለውጥም፤ ብዙ የተለወጠ እንደ ሆነ ጨዋታው ስለ ምን እንደ ተሻሻለ ወይም ስለ ምን እንደ ተበላሸ ለማወቅ አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚወዱትን መተው ነው። ከሊቃውንቱ ወገን እጅግ የምወደው ሰምና ወርቅ የተባለው ካርታ ነበር፤ ያወጣው ሰው አንድ ነገር በግልጽ ይናገርና በምሥጢር ሌላ ነገር ይሠራ ነበር፤ በእኔ አሳብ ከሁሉ የረቀቀ እርሱ ነበር። ነገር ግን እርሱ በወጣ ጊዜ ሁሉ ገበታው ይቆማል፤ ምሥጢሩ እስኪገለጥ ድረስ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ልብስ ሰፊዋ እኅታችንም በትሕትና፣ «ደስ የሚልስ ላንተ ነው፤ እኛ ግን ዝም ብለን ነው የምናይህ» አለችኝ። ቃሏ እውነት ስለ ሆነ ካርታው ወጣ፤ በስፍራውም አዝመራ የሚለው ገባ፤ እርሱ በወጣ ጊዜ በገበታው ያሉት ሁሉ የሚያገኙት ነገር አለ። አዘጋጅ የሚደሰትበት፣ ባልንጀሮቹ ግን የሚታገሡት ካርታ የቱንም ያህል ቢረቅቅ በስብስቡ ውስጥ ስፍራ የለውም።

ይህን ያነበበ ወዳጅ የራሱን ስብስብ ለመሥራት ቢነሣ፣ ወረቀቱን ከመቁረጡ በፊት በገበታው ዙሪያ የሚቀመጡት እነማን እንደ ሆኑ፣ ምን እንደሚያውቁና ምን እንደሚያስቃቸው ያስብ፤ ገንዘብ ከቶ አያስገባበት፤ ሽማግሌ ቢገሥጸው ወንበር ያቅርብለትና ካርታውን ያሳየው፤ በወዳጁና በካርታው መካከል መምረጥ ግድ በሆነበትም ቀን ያለ ማመንታት ካርታውን ይተው።